የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሕፃናት የመድኃኒት መጠንን መከታተል፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው መድኃኒት?

የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ገና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ያልወጣ ሕፃን በአንድ ጊዜ ሦስት አራት የልብ መድኃኒት ሊወስድ ይችላል። ኩላሊቱ ከልብና ሳንባ ማሽኑ ጫና ገና አላገገመም፣ የሰውነቱ ፈሳሽ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፣ ትናንት ልክ የነበረው ዶዝ ዛሬ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ «መጠኑን በደም እንለካው?» የሚለው ጥያቄ በየዙሩ ይነሣል። መልሱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ለዲጎክሲን (የልብን መኮማተር የሚያጠነክር መድኃኒት) የሚያዋጣው መንገድ ለሚልሪኖን (ልብ ደም እንዲረጭ ለማገዝ በደም ሥር የሚሰጥ) ዘግይቶ የሚደርስ ወረቀት ከመሆን አያልፍም፤ ለአሚዮዳሮን (የተዛባ የልብ ምትን የሚያክም) ደግሞ ቁጥሩ ቢመጣም ብዙ ጊዜ የሚያስለውጠው ነገር የለም።

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው ዘዴ መምረጥ ላለባቸው ሐኪሞች፣ ክሊኒካል ፋርማሲስቶችና የላቦራቶሪ ኃላፊዎች ነው። የተጠቀሱት ክልሎች (በደም ውስጥ ሊኖር የሚገባው የመድኃኒት መጠን፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው) የተለመዱት ናቸው፤ ለአንድ ሕፃን የሚሠራውን የሚወስነው የራሱ ሕክምና ቡድን ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «ቁጥሩ ሲመጣ ምን እናደርጋለን?» የሚለው ነው። «ከ2 በላይ ከሆነ እናቆማለን፣ ከ0.5 በታች ከሆነ እንጨምራለን» ብሎ አስቀድሞ መናገር ካልተቻለ ደሙ ባይቀዳ ይሻላል። በደም ውስጥ ባለው መጠንና በመድኃኒቱ ጥቅም ወይም ጉዳት መካከል የታወቀ ግንኙነት ከሌለ ምርመራው የሐኪሙን ጭንቀት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ሕፃኑን አይጠቅምም።

ቀጥሎ ፍጥነት። በአንድ ሰዓት የሚደርስ ውጤት ግማሽ ዕድሜው (በደም ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) አንድ ቀን ለሆነ መድኃኒት ይበቃል። በአራተኛው ቀን የሚደርስ ውጤት በሁለተኛው ቀን ለቆመ መድኃኒት ፋይዳ የለውም።

ሦስተኛው ደሙ ነው። ጨቅላ ሕፃን በኪሎ ከ80 እስከ 85 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም አለው፤ የ3 ኪሎው ሕፃን ጠቅላላ ደም እንግዲህ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ለልኬቱ 1 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ ቱቦውን ለማጽዳት ሌላ 2 ሚሊ ሊትር ቢጣል በአንድ ቅጂ ብቻ ከ1 በመቶ በላይ ደሙ ሄደ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የቀኑ የጋዝና የኤሌክትሮላይት ምርመራ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጎን ልበል፦ ማጽጃውን ደም ከመጣል ይልቅ በዝግ ሥርዓት ለሕፃኑ መመለስ አዲስ ማሽን ከመግዛት የበለጠ ደም ያተርፋል።

የቀሩት ሁለቱ፣ ቁጥሩን ምን ሊያሳስተው ይችላል የሚለውና ሌሊት በ9 ሰዓት ውጤቱን አንብቦ የሚወስን ሰው አለ ወይ የሚለው ናቸው። ወጪ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንደኛ መንገድ፦ መጠን ሳይለኩ መከታተል

የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ላክቴት (ሰውነት በቂ ደም ሳያገኝ ሲቀር የሚጨምር አሲድ)፣ የሽንት መጠን፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም በደም የሚጨምር)። ብዙዎች ይህን መንገድ «ሌላ ሲጠፋ» የሚያዝ አድርገው ያዩታል፤ ለሚልሪኖንና ለአሚዮዳሮን ግን ዋናው መንገድ ይኸው ነው። ለዲጎክሲንም ቢሆን ያለ እሱ የትኛውም የደም ልኬት ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም ፖታሲየም ወይም ማግኒዚየም ሲያንስ፣ ካልሲየም ሲበዛ፣ «በክልሉ ውስጥ» ያለ ዲጎክሲን ልብን ሊመርዝ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያሸናውን ፉሮሴማይድ የማይወስድ ሕፃን ደግሞ እምብዛም አይገኝም፤ ፖታሲየሙን በሽንት የሚያወጣውም እሱ ነው።

ድክመቱ በዚህ ሕመምተኛ ላይ ጎልቶ ይታያል። የዲጎክሲን መመረዝ ምልክቶች የሚባሉት ማስመለስ፣ ጡት ወይም ጡጦ እንቢ ማለት፣ የልብ ምት መዘግየትና ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል የሚሄደው መልእክት መታገድ ናቸው። ሁሉም ከቀዶ ሕክምናው በራሱ ሊመጡ ይችላሉ። በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ሲደፈን የልብ የኤሌክትሪክ መስመር ሊነካ ይችላል፣ ያኔ የሚታየው እገዳ ከስፌቱ ይሁን ከመድኃኒቱ ኢሲጂ ለብቻው አይለይም። ጊዜያዊ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ማሽን) የተገናኘለት ሕፃን ላይ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ምቱን ስለሚሞላ መዘግየቱ ጨርሶ አይታይም። በነገራችን ላይ ኢሲጂ ላይ የኤስቲ መስመር ወደ ታች እንደ ማንኪያ መጎድጎድ ሕፃኑ ዲጎክሲን መውሰዱን እንጂ መመረዙን አያሳይም።

ክሪያቲኒንም ያዘናጋል። ኩላሊት ከተጎዳ በኋላ ቁጥሩ ከፍ እስኪል አንድ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ የሚለካው ክሪያቲኒን በከፊል የእናቱ ነው። በሰዓት በኪሎ ከ0.5 ሚሊ ሊትር በታች የወረደ ሽንት ከክሪያቲኒን ቀድሞ ይናገራል።

ሁለተኛ መንገድ፦ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የሚሠራ የአንቲቦዲ ምርመራ

ለዲጎክሲን ከሁሉም የሚመረጠው ይህ፣ መድኃኒቱን በሚይዝ አንቲቦዲ የሚለካው ምርመራ ነው። በተለመዱት የኬሚስትሪ ማሽኖች ላይ ይሠራል፣ ውጤቱ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይደርሳል፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ደም ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ለዓመታት የቆየው ክልል በሚሊ ሊትር ከ0.8 እስከ 2 ናኖግራም ነው፤ ለልብ ድካም ሲሰጥ ዛሬ ብዙዎች ከ0.5 እስከ 1 ባለው መቆየትን ይመርጣሉ። ውጤቱ በናኖሞል በሊትር ከመጣ ለ1.28 ማካፈል ነው። ከሌላ ሆስፒታል የመጣ ወረቀት ላይ አሃዱን ሳያዩ «2.3» ማንበብ ከመጠን ያለፈን እና ልክ የሆነን ያምታታል።

እዚህ ዘዴ ላይ ስህተት የሚሠራው ከማሽኑ ይልቅ ሰዓቱ ነው። ዲጎክሲን ከደም ወደ ልብና ወደ ጡንቻ እስኪገባ ሰዓታት ይፈጅበታል። ዶዙ በተሰጠ በ2ኛው ሰዓት የተቀዳ ደም 2.6 ቢያሳይና ያው ሕፃን በ12ኛው ሰዓት 1.1 ቢሆን ሁለቱም ልኬት ትክክል ነው፤ የመጀመሪያው ግን ስለ ልቡ የሚለው ነገር የለም። ደሙ መቀዳት ያለበት ከዶዙ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት በኋላ፣ ቢቻል ከቀጣዩ ዶዝ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የጠዋቱ ደም 12 ሰዓት ላይ የሚቀዳ፣ ዲጎክሲኑ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ የሚሰጥ ከሆነ በየቀኑ የሐሰት ማንቂያ ይመጣል። መፍትሔው የዶዙን ሰዓት ማዛወር ነው፤ ወጪ የለውም።

ሁለተኛው የሰዓት ስህተት ሳይረጋጋ መለካት ነው። የተረጋጋ መጠን ላይ የሚደረሰው በአምስት ግማሽ ዕድሜ ገደማ ነው። ከተወለደ ከ1 ወር በላይ በሆነው ሕፃን የዲጎክሲን ግማሽ ዕድሜ ከ18 እስከ 25 ሰዓት ስለሚሆን ከ4 እስከ 5 ቀን ይበቃል። ቀኑን ጨርሶ በተወለደ ጨቅላ ከ35 እስከ 45 ሰዓት ስለሆነ ከ7 እስከ 9 ቀን ነው። ያለ ጊዜው በተወለደ ጨቅላ ግን ከ61 እስከ 170 ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ማለት ወደ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ለክቶ «አነሰ» ብሎ መጨመር ከሳምንት በኋላ መመረዝን ይጠራል። መመረዝ ከተጠረጠረ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም አሚዮዳሮን ከተጀመረ ግን መረጋጋትን ሳይጠብቁ መለካት ይገባል።

የተረጋጋ መጠን ላይ ከተደረሰ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ኩላሊት ካልተለወጠ ዶዝ በግማሽ ሲቀንስ በደም ያለው የመድኃኒት መጠንም በግማሽ ይቀንሳል። የ4 ኪሎ ሕፃን በየ12 ሰዓቱ 20 ማይክሮግራም እየወሰደ 1.6 ከሆነና የሚፈለገው 0.8 ከሆነ 10 ማይክሮግራም ወደዚያ ያደርሰዋል። በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም በያዘው ሽሮፕ ይህ 0.2 ሚሊ ሊትር ነው። ነጥቡ ተዘልሎ 2 ሚሊ ሊትር ከተቀዳ ዶዙ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ትእዛዙ በማይክሮግራምም በሚሊ ሊትርም ይጻፍ፣ የሚቀዳውም በ1 ሚሊ ሊትር የአፍ መርፌ (መድኃኒት በአፍ የሚሰጥበት፣ ሹል ጫፍ የሌለው ሲሪንጅ) ይሁን። ያልተጠበቀ ከፍተኛ ውጤት ሲመጣ ከላቦራቶሪው በፊት ጠርሙሱንና መርፌውን ማየት ያዋጣል።

ሌሎች አሳሳቾችም አሉ። በጨቅላ ሕፃናትና ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማን ደም ውስጥ ዲጎክሲን የሚመስሉ የሰውነት ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ፤ አንቲቦዲው እነሱንም ስለሚይዝ ሕፃኑ መድኃኒቱን ሳይወስድ እንኳ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ለጨቅላ ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት አንድ ናሙና መውሰድ ይህን በቀላሉ ያጋልጣል። የሚያሸናው ስፒሮኖላክቶን አንዳንድ የምርመራ ኪቶችን ያዛባል፤ ከፍተኛ ዶዝ የቫይታሚን ባዮቲን በባዮቲን የሚሠሩትን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ፋብ የተባለው የዲጎክሲን ማርከሻ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ጠቅላላ መጠኑ ሽቅብ ይወረወራል፤ በማርከሻው የታሰረውም አብሮ ስለሚለካ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ነፃው ዲጎክሲን ብቻ ነው፤ እሱን መለካት ካልተቻለ ኢሲጂና ፖታሲየም ይመሩ።

ሦስተኛ መንገድ፦ ማስ ስፔክትሮሜትሪ

መድኃኒቱን በሞለኪዩሉ ክብደት ስለሚለይ መሳዮቹን አይቀበልም፤ ሚልሪኖንን፣ ፍሌካይናይድንና (ሌላ የተዛባ የልብ ምት መድኃኒት) አሚዮዳሮንን መለካት ይችላል፣ ከ0.1 ሚሊ ሊትር ባነሰ ፕላዝማም ሊሠራ ይችላል። የሚጎድለው ፍጥነት ነው። ማሽኑ ሌላ ከተማ ከሆነ ውጤቱ በቀናት ይቆጠራል።

ሚልሪኖን እዚህ ላይ ጥሩ ፈተና ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው ፕራይማኮርፕ በተባለው ጥናት መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን የልብ ደም የመርጨት አቅም ማነስ በፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማነጻጸሪያ) ከነበረበት 25.9 በመቶ በከፍተኛው ዶዝ ወደ 11.7 በመቶ አወረደው። ዶዙ በኪሎ 75 ማይክሮግራም በ60 ደቂቃ፣ ከዚያም በደቂቃ በኪሎ 0.75 ማይክሮግራም ነበር። ጥቅሙ የታየው በተወሰነ ዶዝ ነው፣ የደም መጠንን በመከተል አልነበረም። የሚፈለገው መጠን በሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 300 ናኖግራም ይባላል። ነገር ግን መድኃኒቱ በአብዛኛው በኩላሊት ስለሚወጣ፣ ሽንቱ የቀነሰ ሕፃን በተለመደው ዶዝ ከዚህ ክልል በላይ ይወጣና ግፊቱ ይወርዳል፣ ምቱም ይዛባል። ልኬት ይጠቅም የነበረው እዚህ ነበር። ውጤቱ በዚያው ቀን የማይደርስ ከሆነ ግን ሽንት ሲቀንስ ዶዙን ቀድሞ መቀነስ ያዋጣል። ደሙ በሚቀዳበት ጊዜም ሚልሪኖን ከሚፈስበት የማዕከላዊ መስመር ቀዳዳ መቅዳት አይገባም፤ በቱቦው ውስጥ የቀረችው ጠብታ ቁጥሩን ብዙ እጥፍ ታደርገዋለች። ከአርተሪ መስመር ይቀዳ።

አራተኛ መንገድ፦ በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ

ቤቱ ለገባና ከላቦራቶሪ ርቆ ለሚኖር ሕፃን የሚማርክ ነው። ከተረከዝ ወይም ከጣት ጥቂት ጠብታ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ማድረቅ፣ በፖስታ መላክ። ነገር ግን የሚለካው ሙሉ ደም እንጂ ፕላዝማ ስላልሆነ የተለመዱት ክልሎች በቀጥታ አይሠሩም። ከዚህ የባሰው የቀይ ሕዋሳት ብዛት ነው፦ ገና ሰማያዊነቱ ያልለቀቀው (በደሙ ያለው ኦክስጅን ያነሰ) ሕፃን ደሙ ወፍራም ነው፣ ጠብታው ወረቀቱ ላይ ብዙም አይሰፋም፣ ከመሃሉ የተበሳው ክብ የበለጠ ደም ይይዛል፣ ቁጥሩም ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ዲጎክሲን በናኖግራም ስለሚቆጠር በዚህ ጠብታ ለመለካት በጣም ስሱ ማሽን ይጠይቃል። ለፍሌካይናይድ ይሻላል።

አምስተኛ መንገድ፦ ስሌት የሚሠራ ሶፍትዌር

ይህ ልኬትን አይተካም፤ ከአንድ ሁለት ልኬት የበለጠ እንዲወጣ ያደርጋል። ክብደት፣ ዕድሜ፣ ክሪያቲኒን፣ የዶዝና የቅጂ ሰዓት ሲገቡለት ቀጣዩን ዶዝ ይገምታል፣ መጠኑ ሳይረጋጋ የተቀዳንም ደም መጠቀም ይችላል። ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው አንድ ነው፦ ሞዴሉ የተሠራው ከየትኞቹ ሕሙማን ነው? ከአዋቂዎች ከሆነ ወይም ከልብና ሳንባ ማሽን የወጡ ሕፃናትን ካላካተተ አይጠቅምም። የተሳሳተ ሰዓት ሲገባለትም ሦስት አሃዝ ያለው፣ የሚያምር፣ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

በአንድ እይታ

| ዘዴ | ውጤቱ የሚደርሰው | የደም ብዛት | የሚያሳስተው | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ምልክት፣ ኢሲጂ፣ ኤሌክትሮላይት | ወዲያው | ለሌላ ምርመራ የተቀዳው | ፔስሜከር፣ የቀዶ ሕክምናው ጉዳት፣ የሚዘገይ ክሪያቲኒን | ዝቅተኛ | ለሁሉም፤ ለሚልሪኖንና አሚዮዳሮን ዋናው |
| የአንቲቦዲ ምርመራ | 1 ሰዓት ገደማ | 0.5 ሚሊ ሊትር ገደማ | የቅጂ ሰዓት፣ መሳይ ንጥረ ነገሮች፣ ማርከሻ | መካከለኛ | ዲጎክሲን |
| ማስ ስፔክትሮሜትሪ | በሆስፒታሉ ከሆነ ሰዓታት፣ ወደ ውጭ ከተላከ ቀናት | በጣም ጥቂት | መዘግየት፣ የተበከለ ቅጂ | ከፍተኛ | ፍሌካይናይድ፣ አጠራጣሪ ዲጎክሲን፣ ሚልሪኖን በዚያው ቀን ከደረሰ |
| የደረቀ ጠብታ | ቀናት | ጥቂት ጠብታ | የደም ውፍረት | መካከለኛ | ቤት የገቡ፣ የተረጋጉ |
| ሶፍትዌር | ደቂቃዎች፣ ልኬቱ ካለ | ተጨማሪ የለም | የማይመጥን ሞዴል፣ የተሳሳተ ሰዓት | ይለያያል | ኩላሊታቸው የሚለዋወጥ |

ከመድኃኒቶቹ አንጻር ሁለት ሦስት ቃል

አሚዮዳሮን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል፤ በደም ያለው መጠኑ ስለ ውጤቱ ብዙም አይናገርም። ኢሲጂ ላይ ኪውቲን (የታችኞቹ የልብ ክፍሎች የአንድ ዙር የኤሌክትሪክ ሥራ ርዝመት)፣ ታይሮይድንና ጉበትን ተከታተሉ። ከዲጎክሲን ጋር ሲገናኝ ግን ዲጎክሲኑን ከፍ ያደርጋል፤ የተለመደው እርምጃ አሚዮዳሮን በተጀመረበት ቀን የዲጎክሲኑን ዶዝ በግማሽ መቀነስ ነው። መጠኑን በሳምንቱ መለካት ብቻውን አይበቃም፤ አሚዮዳሮን እየተከማቸ ሲሄድ ጭማሪው ለሳምንታት ይቀጥላል።

ፍሌካይናይድ የሚለካው ከቀጣዩ ዶዝ በፊት ነው፤ ክልሉ በሚሊ ሊትር ከ0.2 እስከ 1 ማይክሮግራም ነው። ወተት ወደ ደም መግባቱን ይቀንሳል። በወተት የሚኖር ሕፃን በጉንፋን ወይም በተቅማጥ ወተቱ ሲቋረጥ ዶዙ ሳይነካ መጠኑ ይወጣል፤ ኢሲጂ ላይ የኪውአርኤስ (የታችኞቹ የልብ ክፍሎች ምት ሞገድ) መስፋትን ማየትና መለካት ያን ጊዜ ግድ ነው።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት ሄፓሪንና ዋርፋሪን በዚህ ንጽጽር ያልገቡት የሚለካው ውጤታቸው እንጂ መጠናቸው ስላልሆነ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሄማቶክሪቱ (የቀይ ሕዋሳት ድርሻ በደም ውስጥ) ከ55 በመቶ በላይ በሆነ ሕፃን በተለመደው የሲትሬት ቱቦ የተቀዳ ደም የመርጋት ጊዜን በሐሰት ያረዝማል፤ ላቦራቶሪው ሲትሬቱን ቀንሶ ያዘጋጅ።

ለማን የቱ?

በጀቱ ጠባብ የሆነ ክፍል በመጀመሪያ ዲጎክሲንን በአንቲቦዲ ምርመራ በቀን 24 ሰዓት የሚለካበትን መንገድ ያመቻች፤ የቀረውን በኢሲጂና በኤሌክትሮላይት ይያዝ። ከዚህ ጋር የሚያስፈልገው አዲስ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ የዶዝ መጠን በማይክሮግራም፣ የመጨረሻው ዶዝ ሰዓት፣ የቅጂው ሰዓት፣ ክብደት፣ የዕለቱ ፖታሲየምና ክሪያቲኒን፣ አሚዮዳሮን ወይም ማርከሻ መውሰዱ ይሞላ። ሰዓት የሌለው ናሙና አይመርመር፤ ላቦራቶሪው ደውሎ ይጠይቅ።

በዓመት ብዙ ጨቅላዎች የሚታከሙበትና ኩላሊታቸው የሚጎዳባቸው ሕሙማን የሚበዙበት ማዕከል ማስ ስፔክትሮሜትሪን በራሱ ግቢ ቢያቋቁም ይጠቀማል፤ ግን ውጤቱ በየቀኑ የሚወጣ ከሆነ ብቻ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ ማሽን ለሚልሪኖን ምንም አይፈይድም፤ ያን ገንዘብ በሙሉ ጊዜ ለሚሠራ ክሊኒካል ፋርማሲስት ማዋል ይሻላል። ሶፍትዌሩንም የሚመግበው ያው ሰው ነው።

ደም የሚረጭ አንድ የልብ ክፍል ብቻ ይዘው የተወለዱና በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና መካከል ያሉ፣ ዲጎክሲን ይዘው ቤት የሚገቡ ሕፃናት ለብቻ መታሰብ አለባቸው። ክብደታቸው በየሳምንቱ ስለሚለወጥ ዶዙ በየቀጠሮው በኪሎ ይሰላ። የደም ልኬቱ ከመውጣታቸው በፊት አንዴ፣ ከዚያ ዶዝ ሲቀየር፣ ተቅማጥ ሲያጋጥም ወይም ሽንት ሲያንስ ይደገም። ለወላጆች የሚሰጠው ወረቀት ላይ ዶዙ በሚሊ ሊትር ይጻፍ፣ የአፍ መርፌው ላይ የሚቆምበት መስመር በቀለም ምልክት ይደረግበት፣ ሕፃኑ ዶዙን ቢያስመልስ እንዳይደግሙት ይነገራቸው፤ ሁለት ጊዜ ካስመለሰ ወይም ጡት እንቢ ካለ ቀጣዩን ዶዝ ሳይሰጡ ይደውሉ።